ኪኒኑና ቁጥሩ፦ የታይሮይድ ሆርሞን የሚወስዱ ሰዎች የደም ምርመራ እንዴት ይነበባል?

የታይሮይድ ሆርሞን ኪኒን የሚወስድ ሰው በየጊዜው ደም ሰጥቶ አንድ ወረቀት ይቀበላል። ወረቀቱ ላይ ቲኤስኤች የሚል መስመር አለ፤ አንዳንዴ ከሥሩ ፍሪ ቲ4 ይጨመርበታል። ከቁጥሩ ጎን «ከፍተኛ» ወይም «ዝቅተኛ» የሚል ምልክት ይቀመጣል። በዚህች ምልክት ብቻ ኪኒኑ የሚጨመርበት፣ የሚቀነስበት፣ ጨርሶም የሚቋረጥበት ጊዜ አለ። ይህ ዳሰሳ የሚያነሣው ጥያቄ፣ ሆርሞኑን ከውጭ በሚወስድ ሰው ደም ውስጥ የተገኘ ቁጥር ምን ያህል ይታመናል የሚል ነው። መቼ ያሳስታል? ባለሙያዎችስ በምኑ ይስማማሉ፣ በምኑ ይለያያሉ?

ጥያቄው የትም ቦታ አስፈላጊ ነው። በአሶሳና በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ግን በሁለት ምክንያት ይከብዳል። አንደኛ፣ ክልሉ የእንቅርት አገር ሆኖ ኖሯል። ሁለተኛ፣ አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ስለምትርቅ ውጤትን ደግሞ ማስመርመር ወይም የሆርሞን ስፔሻሊስት ማማከር ገንዘብም ቀናትም ይጠይቃል። ስለዚህ እጅ የገባው አንድ ወረቀት በትክክል መነበብ አለበት።

መነሻው፦ እንቅርት፣ ዝናብና ጨው

ታይሮይድ ከማንቁርት በታች የሚገኝ ዕጢ ነው፤ ሆርሞኑን የሚሠራው በአዮዲን ነው። አዮዲን በምግብ ካልመጣ ዕጢው ያለውን ለማብቃቃት ይገዝፋል፤ እንቅርት የምንለው ይህ ነው። ብዙ ዝናብ የአፈሩን አዮዲን እያጠበ በወሰደበት ምድር የሚበቅለው እህልም አዮዲን ያንሰዋል።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመው የቸርነት አቡዬና የየማነ ብርሃኔ አገር አቀፍ ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች 35.8 በመቶው እንቅርት እንዳለባቸው አሳየ። ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከደቡብ፣ ከኦሮሚያና ከትግራይ ጋር መጠኑ ከ30 በመቶ በላይ ከሆነባቸው አራት ክልሎች አንዱ ነበር፤ ይህ በዓለም አቀፍ መለኪያ ከባድ የአዮዲን እጥረት የሚባለው ደረጃ ነው። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ በመተከል ዞን የትምህርት ቤት ልጆች ላይ አተኩሮ ችግሩ አለመወገዱን አመለከተ።

የጨው ታሪክም አብሮ ይነሣል። ኢትዮጵያ አዮዲን የተጨመረበትን ጨው በብዛት ታገኝ የነበረው ከአሰብ ነበር። በ1990 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮ-ኤርትራ ጦርነት ያን መንገድ ሲዘጋው ገበያው ወደ አፍዴራ ዞረ፤ የአፍዴራው ጨው ግን ለዓመታት አዮዲን ሳይጨመርበት ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 የሚኒስትሮች ምክር ቤት የጨው አዮዲን ደንብ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት (ከዚህ ወዲያ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከአሥር ቤተሰቦች በዘጠኙ ገደማ ቤት አዮዲን ያለበት ጨው ተገኘ። ይሁንና «አዮዲን አለበት» እና «በቂ አዮዲን አለበት» የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጨው በፀሐይና በእርጥበት ሲከማች የተጨመረበት አዮዲን ይተናል።

ምግብም ድርሻ አለው። በአሶሳ፣ በባምባሲና በሆሞሻ አካባቢ በክረምት የሚበላው የቀርከሃ ቡቃያ፣ እንዲሁም ዳጉሳ፣ ታይሮይድ አዮዲን እንዳይጠቀም ወይም ሆርሞን እንዳይሠራ የሚከለክሉ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ቡቃያው በደንብ ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ጉዳቱ ይቀንሳል። አዮዲን በበቂ ሲገኝ ደግሞ እነዚህ ምግቦች ብቻቸውን ብዙ አይጎዱም።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ልዩነት መሰመር አለበት። እንቅርት ያለበት ሰው ሁሉ የሆርሞን እጥረት የለበትም። አብዛኛው ባለ እንቅርት የሆርሞን መጠኑ መደበኛ ነው፤ ኪኒንም አያስፈልገው ይሆናል። ኪኒን የሚወስዱት በዋናነት አራት ዓይነት ሰዎች ናቸው፦ እንቅርታቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው፣ የሰውነታቸው መከላከያ ዕጢውን ያጠቃባቸው፣ ከልክ በላይ ይሠራ የነበረ ዕጢ ታክሞ የደከመባቸው፣ እንዲሁም የታይሮይድ ካንሰር የታከሙ። ውጤቱ የሚነበበው ሰውየው ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ታውቆ ነው። ዕጢው ጨርሶ ለወጣለት ሰው አዮዲን ያለበት ጨው ሆርሞን አይሆንለትም፤ ጨው ኪኒንን አይተካም።

ከበግ ዕጢ እስከ ቲኤስኤች

ሕክምናው ከመለኪያው ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1891 እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ከበግ ታይሮይድ የተጨመቀ ፈሳሽ ለአንዲት ሴት በመርፌ ሰጠ፤ ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖረች። በ1914 አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬንዳል ዋናውን ሆርሞን ታይሮክሲንን ለይቶ አወጣ። በ1927 ሃሪንግተንና ባርገር በቤተ ሙከራ ሠሩት። ዛሬ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለው ሌቮታይሮክሲን ይኸው ሆርሞን፣ ማለትም ቲ4 ነው። ይበልጥ ኃይለኛ የሆነው ቲ3 በ1952 ተገኘ። በ1970 ደግሞ ሰውነት ቲ4ን ራሱ ወደ ቲ3 እንደሚለውጥ ተረጋገጠ። ቲ4 ብቻውን ይበቃል የሚለው አቋም የቆመው በዚህ ግኝት ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ ሐኪሞች መጠኑን ይወስኑ የነበሩት በሕመምተኛው ስሜት፣ በልብ ምትና በቁርጭምጭሚት ምላሽ ፍጥነት ነበር። በቀን 200 እስከ 400 ማይክሮግራም መስጠት የተለመደ ነበር። ከ1965 ጀምሮ ቲኤስኤች በደም መለካት ቻለ፤ የመጀመሪያዎቹ መለኪያዎች ግን ከፍ ያለውን እንጂ ዝቅ ያለውን መለየት አይችሉም ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ የተሻሉ መለኪያዎች ሲመጡ ብዙ ሰው ከሚገባው በላይ ሆርሞን ሲወስድ እንደኖረ ታወቀ። መጠኑም ወረደ። ዛሬ ዕጢው ፈጽሞ ለማይሠራ ጎልማሳ መነሻው በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም ገደማ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 100 ማይክሮግራም አካባቢ ይሆናል። ለአረጋውያንና ለልብ ሕመምተኞች ግን በትንሹ ተጀምሮ ቀስ እየተባለ ይጨመራል።

ሁለቱ ቁጥሮች ምን ይላሉ?

ቲኤስኤች የታይሮይድ ሆርሞን አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን የምታዝበት መልእክት ነው። ሆርሞን ሲያንስ ትእዛዙ ይበረታል፣ ሲበዛ ይቀንሳል። ስለዚህ ኪኒን በሚወስድ ሰው ላይ ከፍ ያለ ቲኤስኤች ሆርሞን ያንሳል ማለት ነው፤ ዝቅ ያለው ይበዛል ማለት ነው። ብዙ ሰው በተቃራኒው ተረድቶት «ታይሮይዴ ጨምሯል» ብሎ ኪኒኑን ያቆማል፤ ይህ አደገኛ ስሕተት ነው።

የጎልማሳ ቲኤስኤች መደበኛ ክልል በአብዛኛው ከ0.4 እስከ 4.0 ሚሊ ዩኒት በሊትር ነው። ፍሪ ቲ4 ደግሞ በደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ያልተጣበቀው፣ ሥራ የሚሠራው ክፍል ነው፤ ክልሉ ከ0.8 እስከ 1.8 ናኖግራም በዴሲሊትር ገደማ ሆኖ እንደ ማሽኑ ይለያያል። ቲኤስኤች ከፍሪ ቲ4 ይልቅ ስሜቱ ስለታም ነው፦ በተለምዶ እንደሚባለው ቲ4 በግማሽ ሲቀንስ ቲኤስኤች እስከ መቶ እጥፍ ሊያድግ ይችላል። የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ግንኙነቱ እንዲህ ቀጥ ያለ አለመሆኑን፣ በዕድሜና በሰው እንደሚለያይ ጨምረዋል።

የጊዜያቸው ልዩነት ከሁሉ ይበልጥ ይረሳል። ቲ4 በደም ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል፤ አዲስ መጠን የሚረጋው ከአምስት ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ቲኤስኤችም የሚከተለው ከዚያ ዘግይቶ ነው። ከመጠን ለውጥ በኋላ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ሳይሞላ የተሠራ ምርመራ ስለ አዲሱ መጠን አይናገርም። ፍሪ ቲ4 በአንጻሩ ኪኒኑ ከተዋጠ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ከፍ ብሎ ይታያል። ስለዚህ ደም የሚሰጠው የዕለቱ ኪኒን ሳይዋጥ ቢሆን ይሻላል። ቲኤስኤች ራሱ በሌሊት ከፍ፣ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል፤ በየጊዜው በተመሳሳይ ሰዓት መለካት ንጽጽሩን ያስተካክላል።

አንድ ወረቀት በቅርብ እንመልከት። ቲኤስኤች 14፣ ፍሪ ቲ4 1.7 ይላል እንበል። ቲኤስኤች እጥረት አለ ሲል ፍሪ ቲ4 ከክልሉ ጫፍ ደርሷል። ሁለቱ የሚጣሉ ይመስላሉ፤ ግን ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ለሳምንታት ኪኒን ያቋረጠ ሰው ምርመራው ሲደርስ ለጥቂት ቀናት አከታትሎ ሲወስድ ፍሪ ቲ4 ይነሣል፤ ቲኤስኤች ግን ያለፉትን ሳምንታት ይመሰክራል። እንዲህ ላለው ሰው መጠን መጨመር ስሕተት ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው ኪኒኑ ለምን እንደተቋረጠ ነው፦ መድኃኒት ቤት አልቆ ነው? መንገድ ተዘግቶ ነው? ዋጋው ከብዶ ነው? በመተከልና በካማሺ ጸጥታ በታወከባቸው ዓመታት መንገድ መዘጋት ለብዙ ሥር የሰደደ ሕመም ታካሚዎች እውነተኛ እንቅፋት ነበር።

ለማን ስንት ነው ትክክሉ?

የላቦራቶሪው ወረቀት የሚያውቀው አንድ ክልል ብቻ ነው። ታካሚዎች ግን አንድ ዓይነት አይደሉም። ዕጢው ደክሞበት ኪኒን ለሚወስድ ጎልማሳ ዒላማው ያው መደበኛ ክልል ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ባለፈ ሰዎች የአሜሪካ ታይሮይድ ማኅበር የ2014 መመሪያ ቲኤስኤች ከ4 እስከ 6 ቢሆን ይቀበላል። በታይሮይድ ካንሰር ለታከመ ሰው ደግሞ ቲኤስኤች ሆን ተብሎ ዝቅ ሊደረግ ይችላል፤ ምን ያህል እንደሚወርድ የሚወስነው የካንሰሩ የመመለስ ሥጋት ነው። ይህን የማያውቅ ሌላ ባለሙያ «ዝቅተኛ» የሚለውን ምልክት አይቶ መጠኑን ቢቀንስ ሕክምናውን ያፈርሳል።

እርግዝና ራሱን የቻለ ምዕራፍ ነው። የነፍሰ ጡር የሆርሞን ፍላጎት ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ ከ25 እስከ 50 በመቶ ይጨምራል፤ ጽንሱ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚኖረው በእናቱ ሆርሞን ነው። በ2017 የወጣው መመሪያ ቲኤስኤች ከ2.5 በታች እንዲሆን፣ እስከ እርግዝናው አጋማሽ በየአራት ሳምንቱ እንዲለካ ይመክራል። ኪኒን የምትወስድ ሴት መፀነሷን እንዳወቀች በሳምንት ሁለት ተጨማሪ ኪኒን መጀመር እንደምትችል አስቀድማ ከሐኪሟ ጋር ብትነጋገር፣ ላቦራቶሪ እስኪደረስ የሚባክነው ጊዜ ይተርፋል።

ቲኤስኤች ጨርሶ የማይረባበት ሁኔታም አለ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም የፈሰሳት እናት ፒቱታሪ ዕጢዋ ሊጎዳ ይችላል። የዚህች እናት ቲኤስኤች መደበኛ ወይም ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ ሆርሞኗ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ትእዛዝ ሰጪዋ ራሷ ታማለችና ትእዛዙን መለካት ትርጉም የለውም፤ የሚታየው ፍሪ ቲ4 ብቻ ነው። ከወለደች በኋላ ወተት አልመጣ ያላት፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ ድካም የጸናባት እናት ስትገኝ ይህ መታሰብ አለበት። ታይሮክሲን ከመጀመሩ በፊትም የኮርቲዞል እጥረት ካለ አስቀድሞ ይታከማል፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ሕይወት ያሰጋል።

ለእንቅርት አገር ልዩ የሆነ ሌላም ነጥብ አለ። ለዓመታት የኖረ ባለ ብዙ እብጠት እንቅርት ውስጥ አንዳንዱ እብጠት ትእዛዝ ሳይጠብቅ በራሱ ሆርሞን ሊሠራ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው እንቅርቱን ለማሳነስ ተብሎ ኪኒን ሲሰጠው ሁለት ምንጭ ይደረብበታል፤ ቲኤስኤችም ይወርዳል። በዚምባብዌና በኮንጎ አዮዲን ያለበት ጨው በስፋት ሲገባ የሆርሞን መብዛት የጨመረውም በእንዲህ ያሉ በራሳቸው በሚሠሩ እብጠቶች ምክንያት ነበር። ዕጢው በቦታው እያለ ቲኤስኤች የወረደበት ሰው ላይ «ኪኒኑ በዝቷል» ከማለት በፊት ዕጢው ራሱ ምን እየሠራ እንደሆነ መመርመር ይገባል። እንቅርትን በታይሮክሲን ማሳነስ ድሮ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛዎቹ መመሪያዎች አይመክሩትም።

ከልክ በላይ ይሠራ ለነበረ ዕጢ የታከመ ሰውም አለ። ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላ እንኳ ቲኤስኤች ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ተጭኖ ሊቆይ ይችላል። በዚያ ጊዜ የሚታመነው ፍሪ ቲ4 ነው።

ቁጥሩን የሚያዛቡ ነገሮች

ታይሮክሲን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ከ70 እስከ 80 በመቶው ወደ ደም ይገባል። ከቁርስ በፊት ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በውኃ ብቻ እንዲዋጥ የሚመከረው ለዚህ ነው። ቡና አብሮ ሲጠጣ የሚገባው መጠን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል፤ ከአልጋ ተነሥቶ የመጀመሪያው ስኒ በሚቀዳበት ቤት ኪኒኑ ከጀበናው መቅደም አለበት። ብረትና ካልሲየም ከኪኒኑ ጋር ይጣበቃሉ፤ የአራት ሰዓት ርቀት ይፈልጋሉ። ነፍሰ ጡር እናት ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረትና ፎሊክ አሲድ ኪኒን ከታይሮክሲኑ ጋር ጠዋት አንድ ላይ ብትውጥ፣ ሆርሞን በጣም በምትፈልግበት ወቅት ሆርሞኗን ታጣለች። አኩሪ አተርም መግባቱን ይቀንሳል፤ በፓዌና በተቀረው መተከል በስፋት ስለሚመረት በዚያ ለሚኖሩ ታካሚዎች ቀላል ነገር አይደለም። አኩሪ አተር መብላት አይከለከልም፤ ሰዓቱን ማራራቅና ልማዱን አለመለዋወጥ ይበቃል።

የጨጓራ ነገርም አለ። በ2006 የታተመ የጣሊያን ጥናት የሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ኢንፌክሽንና የአሲድ ማነስ ያለባቸው ሰዎች ከፍ ያለ መጠን እንደሚያስፈልጋቸው አሳይቷል። ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ መውሰድም ተመሳሳይ ውጤት አለው። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶቹ ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒን ደግሞ ሆርሞኑ ቶሎ እንዲወገድ ያደርጋሉ። ሕክምናው ሲጀመር ቲኤስኤች ይወጣል፤ ሲያልቅ ይወርዳል። ሁለቱንም ጊዜ መለካት ያስፈልጋል።

ጾም ሌላው ጉዳይ ነው። በረመዳን ታይሮክሲንን በማፍጠሪያ፣ ከእራት ሦስት ሰዓት በኋላ ወይም ከሱሁር በፊት መውሰድን ያነጻጸሩ ጥናቶች አሉ። ብዙዎቹ ከወሩ በኋላ ቲኤስኤች ትንሽ ከፍ እንደሚል አግኝተዋል፤ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ ሰዓት ግን አልጸናም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚጾም ኦርቶዶክሳዊም መርሁ ያው ነው፦ ሆዱ ባዶ በሆነበትና ሳይለዋወጥ በሚጸናበት ሰዓት መውሰድ። ከእራት ሦስት ሰዓት ያህል ቆይቶ በመኝታ ሰዓት መውሰድ በአንዳንድ ጥናት የተሻለ፣ በሌላው እኩል ሆኖ ተገኝቷል፤ ለሁለቱም ጿሚዎች ያመቻል። ጾሙ ካለፈ ወዲያው የተለካ ቁጥር የጾሙን ወር እንጂ ዓመቱን እንደማይወክል ይታሰብ።

ወባ በጸናበት ክልል ደግሞ በከባድ ሕመም ላይ የተወሰደ ደም ያሳስታል። ማንኛውም ብርቱ ሕመም ቲ3ንና ቲኤስኤችን ያወርዳል፤ በማገገሚያው ወቅት ቲኤስኤች ከመደበኛው በላይ ሊወጣ ይችላል። ታካሚው አልጋ ላይ ሳለ አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ ምርመራው ይቆይ።

መድኃኒቱ ራሱ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት አይወድም፤ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጣል። በበጋው ሙቀት በቆርቆሮ ቤት መስኮት ላይ የተቀመጠ እሽግ ኃይሉን ያጣል። አምራቹ ሲቀየርም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ እንደገና መለካት ተገቢ ነው፤ ለዚህም ባዶ እሽጉን ይዞ መምጣት ይጠቅማል። በመጨረሻም፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሸጡ ባዮቲን ያለባቸው ቫይታሚኖች በአንዳንድ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን በሐሰት ዝቅ፣ ፍሪ ቲ4ን በሐሰት ከፍ ያደርጋሉ። ከምርመራ በፊት ቢያንስ ሁለት ቀን ማቆም ይመከራል።

ያልተቋጩ ክርክሮች

የመጀመሪያው ክርክር የመደበኛው ክልል ጫፍ የት ነው የሚለው ነው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ አንዳንድ ባለሙያዎች የቲኤስኤች ላይኛ ጫፍ ወደ 2.5 እንዲወርድ ጠየቁ፤ ጤነኛ ሰዎችን ብቻ ብንለካ አብዛኛው ከዚያ በታች ነው አሉ። ሌሎች ቲኤስኤች በዕድሜ ስለሚጨምር ጫፉን ማውረድ ብዙ ጤነኛ አረጋውያንን ታማሚ ያደርጋል ብለው ተቃወሙ። በ2017 የታተመው ዕድሜያቸው 65 እና ከዚያ በላይ በሆኑ 737 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ መጠነኛ የቲኤስኤች ከፍታን ማከም የሕመም ስሜትን እንዳልቀነሰ አሳየ። በሌላ በኩል የፍራሚንግሃም ጥናት በ1994 እንዳሳየው ቲኤስኤች ከ0.1 በማይበልጥባቸው አረጋውያን በአሥር ዓመት ውስጥ የልብ ምት መዛባት ሥጋት ሦስት እጥፍ ነበር። በማስረጃ ሚዛን ሲታይ ለአረጋዊ ሰው ትንሽ ከፍ ማለት ብዙ ዝቅ ከማለት ይሻላል።

ሁለተኛው ክርክር የታካሚዎች ነው፦ «ቁጥሬ ደህና ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ደህና አይደለሁም።» ታይሮክሲን ከሚወስዱት ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑት ቲኤስኤቻቸው መደበኛ ሆኖ ድካምና የሐሳብ መፍዘዝ ይሰማቸዋል። አንዱ ወገን ችግሩ በቲ3 ማነስ ነው ይላል፦ ዕጢ የሌለው ሰው ሁሉንም ቲ3 ከኪኒኑ ቲ4 መሥራት አለበትና ቲኤስኤቹ መደበኛ ሳለ ፍሪ ቲ4 ከፍ፣ ቲ3 ዝቅ ሊል ይችላል። በ1999 የወጣ አንድ ጥናት ቲ3 መጨመር ይጠቅማል ብሎ ተስፋ ሰጠ። በ2006 ግን 11 ሙከራዎችን የጠቀለለ ትንተና ልዩነት አላገኘም። ሌላው ወገን ድካሙ ከደም ማነስ፣ ከቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ከድብርት ወይም ከሌላ ሕመም እንደሚመጣ ያስታውሳል። በ2021 የአሜሪካ፣ የብሪታንያና የአውሮፓ ማኅበራት ጉዳዩ ባለመቋጨቱ የተሻሉ ሙከራዎች እንዲደረጉ ተስማሙ። እስከዚያው ድረስ የታካሚውን ቅሬታ ቁጥሩ ስላማረ ብቻ ማጣጣል አይገባም፤ ለቅሬታው ሲባል መጠኑን ከክልሉ ማስወጣትም አይገባም።

ሦስተኛው ክርክር አቅም ባነሰበት ቦታ ምን ይለካ የሚል ነው። ለተረጋጋ ታካሚ ቲኤስኤች ብቻ ይበቃል የሚለው አቋም ገንዘብ ይቆጥባል፤ አብዛኞቹ መመሪያዎችም ይደግፉታል። ግን ኪኒን የሚያቋርጥ፣ ፒቱታሪ ዕጢው የተጎዳ፣ በቅርቡ ከሆርሞን መብዛት የታከመ ሰው በቲኤስኤች ብቻ ይሳሳታል። የሚያዋጣው መንገድ በቲኤስኤች መጀመርና ታሪኩ ሲጠይቅ ፍሪ ቲ4 መጨመር ነው። ቲ3ን መለካት ታይሮክሲን ብቻ ለሚወስድ ሰው በተለምዶ አይጠቅምም።

ላቦራቶሪው ሩቅ ሲሆን

ናሙና ከአሶሳ ወይም ከፓዌ ወደ ሌላ ከተማ ሲላክ ውጤቱ በሌላ ማሽን፣ በሌላ መለኪያ አሃድ ሊመለስ ይችላል። ባለፈው ፍሪ ቲ4 1.2 የነበረ ሰው ዘንድሮ 15.4 የሚል ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል። ሁለቱ አንድ ናቸው፦ የመጀመሪያው በናኖግራም በዴሲሊትር፣ ሁለተኛው በፒኮሞል በሊትር ተጽፏል፤ አንዱ ናኖግራም በዴሲሊትር 12.9 ያህል ፒኮሞል በሊትር ነው። አሃዱ አንድ ቢሆን እንኳ የሁለት ማሽን ፍሪ ቲ4 እኩል አይነጻጸርም። በተቻለ መጠን በአንድ ላቦራቶሪ መከታተል ይሻላል።

የአንድ ሰው ቲኤስኤች ራሱ ያለ ምክንያት ይወጣል ይወርዳል። ከ1.8 ወደ 2.6 መሄድ ለውጥ አይባልም። ከክልሉ ትንሽ የወጣ ቁጥር፣ ታካሚዋ እርጉዝ ካልሆነች ወይም የልብ ምልክት ከሌለ፣ መጠን ከመቀየሩ በፊት ቢደገም ይሻላል።

የዳሰሳው ድምዳሜ

ማስረጃው ሲጠቃለል የሚያጸናው አንድ ነገር ነው፦ በሆርሞን ኪኒን ላይ ያለ ሰው ቁጥር ያለ ታሪኩ አይነበብም። ባለሙያዎች የሚለያዩት በመደበኛው ክልል ጫፍ፣ በቲ3 ጉዳይና አቅም ባነሰበት ቦታ በሚለካው ነገር ላይ ነው፤ ይህን ወደፊት ጥናት ይፈታዋል። የጊዜውን፣ የአወሳሰዱንና የመነሻ ምክንያቱን ነገር ግን ማንም አይከራከርበትም። በተግባር ሰውን የሚጎዳውም እነዚህ የተስማሙባቸው ነገሮች ሲዘነጉ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ለሁለት ወገን ይቀርባል። የክልሉ ጤና ተቋማት በምርመራ መጠየቂያው ላይ አምስት መስመሮች ቢጨምሩ ወጪ የለውም፦ ኪኒኑ ለምን እንደተጀመረ፣ የአሁኑ መጠንና የተቀየረበት ቀን፣ የዕለቱ ኪኒን ተውጦ እንደሆነ፣ ሌሎች መድኃኒቶች፣ እርግዝና ወይም በቅርብ የነበረ ሕመም። ታካሚውም እነዚሁን አምስቱን በአንድ ደብተር ይያዝ፤ የቆዩ ውጤቶቹን አይጣል፤ ወረቀት አይቶ ብቻ ኪኒኑን አያቁም። የልብ ምት መፍጠን፣ የደረት ሕመም ወይም መፍዘዝ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ዕለት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ይሂድ።